ለገና ከረሜላ ያለበት ሾርትብሬድ ኩኪስ ልጋግር ነው፣ አምና ቀልጦ ፓትራው ላይ ተጣበቀብኝ፣ ዘንድሮ ምን ላርግ?

ቀሃ_ዳር | ታኅሣሥ 11
ሰላም ቤተሰብ፣ ከጎንደር ነኝ፣ ቀሃ ሰፈር። አምና ለገና ከረሜላ የተሰባበረበት ሾርትብሬድ ኩኪስ ሞክሬ ነበር፣ ግቢያችን ውስጥ ዘጠኝ ልጆች አሉ እና በያንዳንዳቸው ስም አንዳንድ ላስቲክ አዘጋጅቼ ሪባን ሁሉ ገዝቼ ነበር። ከኦቨን ሳወጣው ከረሜላው ቀልጦ ፈሶ ከፓትራው ጋር ተጣብቋል፣ በቢላ ስፈለፍለው ግማሹ እንክትክት አለ፣ ለአራት ልጆች ብቻ ደረሰ፣ የቀሩት በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ የተሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ዘንድሮ እንዲ እንዲሆን አልፈልግም።

ያረኩት እንዲ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ የገዛሁት ለጋ ቅቤ፣ የፉርኖ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቀይና አረንጓዴ ጠንካራ ከረሜላ በሙቀጫ ወቅጬ ሁሉንም አንድ ላይ ለውሼ 200 ላይ 25 ደቂቃ። ከመቅለጡ ሌላ ኩኪሱም ተንጣሎ አንዱ ካንዱ ጋር ተያያዘ፣ ደሞ ቅቤው ኮምጠጥ ያለ ጠረን ነበረው። አሁን ጾም ላይ ስለሆንን እየቀመስኩ ማስተካከል አልችልም። የምታውቁ በናታችሁ።

አዘዞ_ጋጋሪ | ታኅሣሥ 11
እህትየ እኔ አዘዞ ዳቦ ቤት ነው የምሰራ፣ ኩኪስም ለበዓል እንጋግራለን። ያልሽው ነገር ሁሉ ምክንያቱ ይታወቃል አይዞሽ።

መጀመሪያ ሙቀቱ በዝቷል። ሾርትብሬድ 160 ነው፣ ከ18 እስከ 22 ደቂቃ፣ ጠርዙ ብቻ ወርቅማ ሲሆን መሀሉ ነጣ እንዳለ ይወጣል፣ ሲወጣ ለስላሳ ስለሚሆን ያልበሰለ መስሎሽ አትመልሽው፣ ፓትራው ላይ አስር ደቂቃ ሳትነኪው ተይው ራሱ ይጠነክራል። ጠንካራ ከረሜላ ማለት ስኳር ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ነው፣ ከኦቨኑ ሙቀት በታችም ይለሰልሳል፣ 160 ላይ ቀልጦ ይፈሳል፣ 200 ላይ ደሞ ጭራሽ ወደ ማረር ይሄዳል። ስለዚ ከሊጥ ጋር ከለወስሽው መቅለጡ አይቀርም፣ ጥያቄው የት እንደሚቀልጥ ነው። ሊጡ ውስጥ ተቀብሮ ቢቀልጥ ችግር የለውም እንደውም ያምራል፣ ከታች በኩል ፓትራውን ከነካ ግን አምና ያየሽው ነው።

ሁለተኛ ስትወቅጪው ዱቄት የሆነውን አልለየሽም መሰለኝ። የከረሜላ ዱቄት ሊጡ ውስጥ ገብቶ ስኳር ይጨምርበታል፣ ስኳር ሲበዛ ኩኪስ ይንጣለላል። በወንፊት ነፍተሽ ዱቄቱን አውጪ፣ የምስር ክክ የሚያክለውን ብቻ አስቀሪ። የሽንብራ ፍሬ የሚያክል ከሆነ ደሞ ጥርስ ይሰብራል በተለይ ለልጅ።

ልኩ 1 ለ 2 ለ 3 ነው በሚዛን። 100 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም ቅቤ፣ 300 ግራም ዱቄት፣ ጨው በሁለት ጣት ቆንጠር፣ ከረሜላ 70 ግራም አካባቢ። ቤኪንግ ፓውደር የለውም እንቁላልም የለውም። ከዚ ልክ ወደ 25 ኩኪስ ይወጣል።

ተማሪዋ_ማራኪ | ታኅሣሥ 11
ሚዛን የሌለንስ? 😭

አዘዞ_ጋጋሪ | ታኅሣሥ 11
በኬክ መለኪያ ኩባያ ስኳሩ ግማሽ፣ ቅቤው አንድ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ዱቄቱ ሁለት ተኩል ሳይሞላ። ዱቄቱን እየጠቀጠቅሽ አትስፈሪ፣ በማንኪያ እያፈሰስሽ ከላይ አስተካክይው።

አያት_ከአራዳ | ታኅሣሥ 12
ልጆቼ እኔ የዚህን የኩኪስ ነገር ብዙም አላውቅ፣ በኛ ጊዜ ለገና ድፎ ነው፣ ለልጅ ደሞ ዳቦ ቆሎ ይቆላለታል በኪሱ ይዞ ይዞራል። ዘንድሮም ለልጅ ልጆቼ የማረገው እሱኑ ነው። ቅቤ ግን አውቃለሁ እና ስለ ቅቤው ልናገር ብየ ነው።

ለጋ ቅቤ የሚወጣ ከእርጎ ተንጦ ነው፣ ውስጡ አሬራ ይቀርበታል፣ የሚያኮመጥጠውም የሚያሸተውም እሱ ነው። ከገበያ ስታመጪው በገበቴ አርገሽ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሪበት፣ በእጅሽ እሺው፣ ውሃው ወተት ሲመስል ድፊው፣ ሌላ ጨምሪ፣ ሦስቴም አራቴም ቢሆን ውሃው ጥርት እስኪል። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለሽ ውሃውን ጨምቀሽ አውጪው። ያን ጊዜ ቅቤሽ እንደ አበባ ይሆናል። ገዝተሽ ሁለት ሦስት ቀን አታሳድሪው፣ ባደረ ቁጥር ይሻክራል። ሻጯን ደሞ መቼ እንደተናጠ ጠይቂ፣ አይታፈርም።

ሊጡም ስታሽው ደግሞ እንደ ዳቦ ሊጥ አታድክሚው፣ ልጄ ስትጋግር አይቻለሁ እሷ ዝም ብላ ሰብሰብ ነው የምታረገው።

ቀሃ_ዳር | ታኅሣሥ 12
እምየ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም! እኔ ዝም ብዬ ነው እንዳለ የጨመርኩት። አምና ሊጡ ውሃ ውሃ ያለኝ ለካ እሱ ነው።

አዘዞ_ጋጋሪ | ታኅሣሥ 12
እምየ ያሉት ትክክል ነው፣ አለማሸቱም እንደዛው። ዱቄት ውሃ ሲያገኝና ሲታሽ ግሉተን ይፈጥራል፣ ዳቦን የሚያሳስበው እሱ ነው። ሾርትብሬድ ላይ ቅቤው ዱቄቱን ቀድሞ ሸፍኖ ግሉተኑ እንዳይያያዝ ይከለክለዋል፣ አፍ ላይ የሚፈረፈረው ለዛ ነው። ቅቤው ውስጥ ውሃ ከበዛ ወይ ሊጡ ብዙ ከታሸ ኩኪሱ እንደ ቂጣ ይደርቃል።

ቅቤ ማጠብ የማይመቸው ሰው ሳይቀመም የተነጠረ ቅቤ መጠቀም ይችላል፣ ግን ንጥር ውሃው ስለወጣለት በ200 ግራም ፋንታ 160 ግራም ይበቃል፣ ሊጡ አልሰበሰብ ካለ አንድ ሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ። ቅቤው ቀዝቅዞ እንደገና ከረጋ በኋላ ነው ደሞ የምትለውሱት፣ ፈሳሽ ሆኖ ከገባ ቅባቱ ይወጣል። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ለወጥ ይቀመጥ።

ግላስጎው_ያለሁ | ታኅሣሥ 12
ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ ጎንደር ፒያሳ ነው ያደኩት አሁን ስኮትላንድ ግላስጎው ነኝ፣ ይሄን ርዕስ ሳይ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም ምክንያቱም ሾርትብሬድ የዚህ ሀገር ነው። ሾርት የሚሉት አጭር ለማለት አይደለም፣ በቀላሉ የሚፈረፈር ለማለት ነው። እዚህ በተለይ የአዲስ አመት ነው፣ ከዋዜማው እኩለ ሌሊት በኋላ መጀመሪያ ቤት የሚገባው እንግዳ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ከሰል ይይዛል፣ ሾርትብሬድ ይይዛል፣ ውስኪም ይይዛል። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ትለን ነበር።

ከረሜላ መጨመሩ ግን የስኮቶቹ አይደለም፣ እሱ በአሜሪካ የተለመደ ነው፣ ለገና የሚሸጠውን ቀይና ነጭ የሜንታ ከረሜላ ሰባብረው ኩኪስ ላይ ያረጉታል። እዚህ አሮጊቶቹ ቅቤ ስኳር ዱቄት፣ በቃ።

አንድ ነገር ግን ከነሱ ተምሬያለሁ፣ ብዙዎቹ ከዱቄቱ ትንሹን በሩዝ ዱቄት ይተኩታል። ሩዝ ግሉተን ስለሌለው የበለጠ ይፈረፈራል፣ ስትነክሽው ቅሽ ይላል። ከ300 ግራሙ 60 ግራም ያክል ሩዝ አርጊው። እናንተ ደሞ ፎገራ አጠገባችሁ ነው፣ ሩዙን እዛው አስፈጭታችሁ ማለት ነው፣ እኔ እዚህ በትንሽ ፓኬት ነው የምገዛው።

ተማሪዋ_ማራኪ | ታኅሣሥ 12
የፎገራ ሩዝ ኩኪስ ውስጥ!! በጣም ደስ ይላል ይሄ

ዋዜማ | ታኅሣሥ 13
እህቶቼ ወንድሞቼ ስለ ቀኑ ላስታውሳችሁ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ደሞ 28 ይውላል፣ ረቡዕም ሆነ አርብ ቢውል ይበላል ስለዚ የቅቤው ኩኪስ ለገና ቀን ችግር የለበትም። ለጥምቀትም ብላችሁ የምትጋግሩ ግን ከተራ ጥር 10 ገሃድ ነው፣ ይጾማል። እኛ ጋ ደሞ ሰው ከየሀገሩ የሚመጣው በከተራ ነው፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባህር ሲወርዱ እንግዳ ቤታችሁ ያርፋል፣ ቅቤ ያለበት ኩኪስ ለጾመኛ ሰው አቅርባችሁ እንዳታሳዝኑት። ወይ የጾም ጋግሩ ወይ የጥር 11ን ጠብቁ።

ቀሃ_ዳር | ታኅሣሥ 13
ልክ ነህ ወንድሜ፣ እኛም ከባህር ዳር እንግዶች አሉብን በከተራ። እሺ የጾሙ እንዴት ነው? የአትክልት ቅቤ ይሆናል?

አዘዞ_ጋጋሪ | ታኅሣሥ 13
ይሆናል፣ በዛው ልክ። ግን ጀርባውን አንብቢ፣ አንዳንዱ ማርጋሪን ውስጥ የወተት ተዋጽኦ አለ። በሳህን ሳይሆን በብሎክ የሚሸጠው ጠንከር ያለው ይሻላል፣ ለስላሳው ውሃ ስለሚበዛበት ይንጣለላል። ጣዕሙ ከቅቤው አይደርስም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቫኒላ ወይ የተፋቀ የብርቱካን ልጣጭ ጨምሪበት። ከረሜላውንም እይ እኮ፣ የወተት ከረሜላና ቶፊ ጾም አይደለም፣ ጥርት ያለው የፍራፍሬ ወይ የሜንታው ነው የሚሆነው።

ከፒያሳ_ጎረቤት | ታኅሣሥ 13
አሰላሙ አለይኩም እንዲሁም ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግቢያችን የተቀላቀለ ነው፣ ገና ሲሆን ለኛ ልጆችም ይመጣል፣ ዒድ ሲሆን ከኛ ይሄዳል። አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚለጠጠው ጄሊ ከረሜላ ብዙ ጊዜ ጀላቲን አለበት፣ ጀላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው፣ ከአሳማም ሊሆን ይችላል። ለናንተ ጾም ያበላሻል፣ ለኛ ልጆች ደሞ አይሆንም። ጠንካራውን ከረሜላ ከተጠቀማችሁ ሁሉም ልጅ አንድ ላይ ይበላል። ጄሊ ኦቨን ውስጥም ጥሩ አይሆንም፣ ፈሶ ይሄዳል።

ቀሃ_ዳር | ታኅሣሥ 13
ወአለይኩም ሰላም እህቴ፣ ከዘጠኙ ሦስቱ የሙስሊም ጎረቤቶቼ ልጆች ናቸው እና ይሄን ስላልሽኝ በጣም ነው የማመሰግነው። ጄሊ አልነካም።

ተማሪዋ_ማራኪ | ታኅሣሥ 14
እኔ ኦቨን የለኝም፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ግን ትናንት በብረት ድስት ሞከርኩት የጾሙን እና ሆነልኝ!! ልጻፍላችሁ። ወፍራም ብረት ድስት ስር አንድ ጣት የሚያክል ጨው አነጠፍኩ (ለምግብ አይመለስም ለሌላ ጊዜ መጋገሪያ ታስቀምጡታላችሁ)፣ ሦስት ትንንሽ ጠጠር አስቀመጥኩ፣ ከድኜ ስቶቭ ላይ 15 ደቂቃ አሞቅሁት፣ ከዛ ኩኪሶቹን በትንሽ የቆርቆሮ ሳህን ላይ የኬክ ወረቀት አንጥፌ ጠጠሩ ላይ አስቀምጬ እሳቱን ዝቅ አርጌ 28 ደቂቃ። ከላይ አይቀላም ግን ሾርትብሬድ መቅላት የለበትም ስለተባለ እንደውም ጥሩ። ከድስቱ ክዳን የሚወርደው ላብ እንዳይነካው በንጹህ ፎጣ ጠቅልዬዋለሁ ክዳኑን፣ የፎጣውን ጫፍ ወደ ላይ አስራችሁ፣ እሳት እንዳይነካው ተጠንቀቁ። በአንድ ጊዜ ስድስት ብቻ ነው የሚይዘው።

መብራት ሁለቴ ሄዶብኛል መሀል ላይ። ሊጡን ግን በላስቲክ ጠቅልዬ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት፣ የታኅሣሥ ብርድ ፍሪጅ ነው በቃ፣ ምንም አልሆነም።

አያት_ከአራዳ | ታኅሣሥ 14
ጎበዝ የኔ ልጅ። ከላይ መቅላት ከፈለግሽ እንደ ድፎ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ፍም አርጊበት፣ ያኔ ግን ፎጣውን አውጪው።

ግላስጎው_ያለሁ | ታኅሣሥ 14
የቤት ከረሜላ ለመስራት የሞከረ አለ? እናቴ ስኳር አንጥራ ትሰራልን ነበር። እዚህ ስሰራ ቴርሞሜትር 150 ሲል አወጣዋለሁ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ እህቴ ጎንደር በዛው ቁጥር ስትሰራ አረረባት።

አዘዞ_ጋጋሪ | ታኅሣሥ 14
ከፍታው ነው። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፣ ውሃ እኛ ጋ የሚፈላው 100 ሳይሆን 93 አካባቢ ነው። ሽሮፑም ውሃውን የሚጨርሰው ባነሰ ሙቀት ነው፣ ስለዚ ግላስጎው 150 የሚባለው እዚህ 143 አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ደሞ ጠብ አርጎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጣለው፣ ሲያነሳው እንደ ብርጭቆ ቀጭ ካለ ደርሷል፣ ከተለጠጠ ገና ነው። ልጆች ሲሰራ አጠገቡ አይቁሙ፣ የፈላ ስኳር ቆዳ ላይ ይጣበቃል ቃጠሎው ከፈላ ውሃ የባሰ ነው። ሾርትብሬዱን ግን ከፍታው ብዙም አይነካውም፣ የሚነፋው ነገር የለውማ።

ቀሃ_ዳር | ታኅሣሥ 16
ዛሬ በጾሙ ሞከርኩ፣ በሁለት መንገድ። ግማሹን ከረሜላውን ሊጡ ውስጥ አስገብቼ እንደ ዱላ ጠቅልዬ ፍሪጅ አንድ ሰዓት አስቀምጬ በአንድ ጣት ውፍረት ቆረጥኩት፣ ከታች የታየውን ፍሬ በጣቴ ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ እያረኩ። ሌላውን ያለ ከረሜላ ዳምጬ በኮከብ ቅርጽ ቆርጬ፣ መሀሉን በጠርሙስ ክዳን በስቼ፣ ሊደርስ 4 ደቂቃ ሲቀረው ቀዳዳው ውስጥ የተሰባበረ ከረሜላ ሞልቼ መለስኩት። ሁለተኛው እንዴት እንዳማረ!! ከረሜላው ቀልጦ ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት ሆነ፣ ወደ ብርሃን ስታነሱት ቀዩ ያበራል፣ የደብረ ብርሃን ስላሴ ጣሪያ ላይ ቀና ብዬ ስመለከት የሚሰማኝ ነገር ነው የተሰማኝ፣ ዝም ብዬ ቆሜ አየሁት።

የኬክ ወረቀት ግን ግዴታ ነው፣ ያለሱ አትሞክሩት፣ እስኪቀዘቅዝም ከወረቀቱ አታላቅቁት። የትንሿ እህቴ ልጅ ስድስት አመቷ ነው እሷ ትንሽ በላችልኝና "አፌ ውስጥ አለቀ" አለች።

ከፒያሳ_ጎረቤት | ታኅሣሥ 16
ማሻአላህ። ስታስቀምጪው የሜንታውን ከሌላው ጋር አንድ ጣሳ ውስጥ አታርጊው፣ ሁሉም ሜንታ ሜንታ ይላል፣ በኔ ደርሷል። ክዳኑ የሚገጥም ጣሳ ይሁን፣ ከረሜላ እርጥበት ይስባል። አሁን በጋ ስለሆነ አየሩ ደረቅ ነው ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ክረምት ላይ ግን በሁለት ቀን ይላላል።

ተማሪዋ_ማራኪ | ታኅሣሥ 17
ሊጡ ፍሪዘር ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል? ለጥምቀት ከአሁኑ ላዘጋጅ ብዬ

አዘዞ_ጋጋሪ | ታኅሣሥ 17
አንድ ወር ችግር የለውም፣ በላስቲክ ድርብ አርገሽ ጠቅልይው የሽንኩርት ሽታ እንዳይስብ። ከረሜላውን ግን ያን ጊዜ ነው የምትጨምሪው፣ ሊጥ ውስጥ ከሰነበተ ይሟሟል ቀለሙም ይሰራጫል።

ቀሃ_ዳር | ጥር 1
እንኳን አደረሳችሁ!! የገናው ደረሰ እና አለቀ። ቅቤውን እምየ እንዳሉት አራቴ አጠብኩት፣ አራተኛው ላይ ውሃው ጥርት አለ፣ ያ ኮምጣጤ ጠረን ድራሹ ጠፋ። የፎገራ ሩዝ 60 ግራም ገባበት። ከቅዳሴ መልስ ጾሙ ተፈቶ ዶሮው ከተበላ በኋላ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩት፣ የቅቤው ከጾሙ ጋር አይወዳደርም፣ አፍ ላይ ይሟሟል ከዛ ከረሜላው ቀጭ ይላል። 50 ጋገርኩ፣ አንድም አልተጣበቀም፣ ሦስት ብቻ ተሰበሩ። ዘጠኙም ልጆች አምስት አምስት ደረሳቸው፣ ሪባኑም ያምናው ነው፣ አስቀምጬው ነበር።

እምየ አራዳ የት አካባቢ ነዎት? ከቅቤው ሊጥ ግማሽ ጥቅል ፍሪዘር ውስጥ አለኝ።

አያት_ከአራዳ | ጥር 1
እንኳን አብሮ አደረሰን የኔ ልጅ። የልጅ ልጄ በውስጥ ይጽፍልሻል ሰፈሩን። እኔ ጥርስ የለኝም እና ከረሜላ የሌለበትን አርጊልኝ፣ ዳቦ ቆሎ አስቀምጥልሻለሁ ለልጆቹ።

ቀሃ_ዳር | ጥር 2
እሺ እምየ። በከተራ እንዳላመጣ ገሃድ ነው፣ ጥር 12 ጠዋት ጋግሬ ሚካኤልን ሸኝቼ ስመለስ ትኩሱን ይዤ እመጣለሁ።